የፌኖባርቢታል ድብታ በእርግጥ «ቀላል» ነውን? የናኩሩን ሙከራ እንደገና ማንበብ

የሚጥል በሽታ በገጠር ኢትዮጵያ ስላለው ስርጭት እዚህ የምጨምረው የለም፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ እንደሚታመሙ አሳይቷል። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ርካሽ መሆኑና ሕመሙን ማስታገሡም አያከራክርም። የምሟገተው «የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀላል ነው» ከሚለው ፍርድ ጋር ነው። ለዚህ ፍርድ ምስክር ተደርጎ የሚቀርበው ፌክሲና ባልደረቦቹ በኬንያ ናኩሩ አካሂደው በ1991 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት ያሳተሙት ሙከራ ነው። 302 ሕሙማን ፌኖባርቢታል ወይም ካርባማዜፒን ወሰዱ፤ ዓመቱን የጨረሱት 249 ናቸው፤ ከእነዚህም 53 በመቶውን በሁለተኛው ስድስት ወር አልጣላቸውም። በጎንዮሽ ጉዳት ረገድ በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ነገር ግን ካርባማዜፒንም ራስን ያዞራል፣ ያደክማል፤ ሁለት ሸክም እኩል መዘነ ማለት ቀለለ ማለት አይደለም። በሕንድ ገጠር ልጆች ላይ ተሠርቶ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራም ፌኖባርቢታልን ከፌኒቶይን ጋር ስላነጻጸረ ከዚሁ ጉድለት አያመልጥም። መድኃኒቱ ከባዶ ኪኒን ጋር ሲነጻጸር ግን ሌላ ታሪክ ይወጣል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ፌኖባርቢታል የታዘዘላቸው ሕፃናት የአእምሮ ብቃት ነጥብ ከሁለት ዓመት በኋላ በአማካይ በ8.4 ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። እነዚያ ሕፃናት የታከሙት ትኩሳት ለሚያስከትለው መንቀጥቀጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ኪኒኑ ግን ያው ኪኒን ነው።

ከሁሉ በላይ ያልተነበቡት ዓመቱን ያልጨረሱት 53 የናኩሩ ሕሙማን ናቸው። መቶኛው በ302 ቢሰላ፣ እንዳልጣላቸው የተረጋገጠው ወደ 44 በመቶ ይወርዳል። ሁሉም በድብታ ምክንያት ቀሩ ማለት አልችልም፤ ሆኖም መድኃኒቱ ያልተስማማው ሰው ቀድሞ ከሚቀሩት መካከል መሆኑ ግልጽ ስለሆነ፣ የጸኑትን ብቻ ጠይቆ ስለ መስማማት መፍረድ አይቻልም። የጸኑትም ቢሆኑ የሚጠየቁት በአንድ አጠቃላይ ቃል ነው። «እንዴት ነህ?» የተባለ ገበሬ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ በሬ ጠምዶ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያርስ፣ እርፉን ይዞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው እንደሆነ ካልተጠየቀ ራሱ መክበዱን የበሽታ ወሬ አድርጎ አያወራውም።

«ማታ ይዋጥ» የሚለው መልስ አያስኬድም። የፌኖባርቢታል መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሦስትና አራት ቀን ይፈጃል፤ ማታ የተዋጠው ጠዋትም፣ በማግሥቱም እዚያው ነው። «ከመጣል ይሻላል» የሚሉትም በሽተኛው ሲያቋርጥ የሚሆነውን ይዘነጋሉ። በእርሻ ወቅት ለመንቃት ብሎ በድንገት ቢተው መድኃኒቱን የለመደው አንጎል ከቀድሞው በባሰ ሊጥለው ይችላል፤ እሳት አጠገብ ከሆነ ይቃጠላል። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል፤ ጤና ጣቢያውም በካርዱ ላይ «መድኃኒት አቋርጧል» ብሎ ይጽፋል፤ ያቋረጠበትን ድብታ ግን የጻፈው የለም።