መንገድ ጠያቂና መንገድ ነጋሪ

ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሄድ ከስንቁ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መንገድ የሚነግረው ነው። ቤቱን ይዞ ሲሄድስ? አሜሪካውያን አልጋውንም ምድጃውንም ዛሬ «ሞተርሆም» በሚባል ተሽከርካሪ ላይ ጭነው አገራቸውን መዞር ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የዚህን ጉዞ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ከመኪናው ይልቅ የሚስበኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ መንገዱን የነገራቸው ማን ነበር? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1903 ሆሬሽዮ ኔልሰን ጃክሰን የተባለ ሐኪም በ50 ዶላር ተወራርዶ፣ አንድ መካኒክ አስከትሎ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ኒው ዮርክ በመኪና ተነሣ። ጉዞው 63 ቀን ፈጀ። ገና ካሊፎርኒያ ሳለ መንገድ የጠየቃት አንዲት ሴት ሆን ብላ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሰደደችው። ምክንያቷ የሚገርም ነው፤ መኪና አይተው የማያውቁት ቤተሰቦቿ እንዲያዩ ፈልጋ ኖሯል!

በዚያ ዘመን መንገዶቹ ቁጥር እንኳ አልነበራቸውም፤ የፌዴራሉ አውራ ጎዳናዎች ቁጥር ያገኙት በ1926 ነው። ከ1901 ጀምሮ ይታተም የነበረው «ብሉ ቡክ» የተሰኘው የመንገድ መጽሐፍ ሾፌሩን የሚመራው ርቀት እያስቆጠረ፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ምልክት እያደረገ ነበር። ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች ይህ እንግዳ አይደለም። «ወፍጮ ቤቱን አልፈህ በቀኝ ታጠፍ» ሲሉን አድገናል። በ1915 ሮላንድ ኮንክሊን የተባለ ባለጸጋ መኝታና ማብሰያ ባለው ግዙፍ ተሽከርካሪ ቤተሰቡን ይዞ ከኒው ዮርክ ግዛት ሳን ፍራንሲስኮ ሲገባም፣ ከሰማይ የሚመራው ድምፅ አልነበረም።

ያ ድምፅ የተፀነሰው በ1957 ነው። ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ባመጠቀች ሰሞን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የነበሩ ሁለት ወጣት የፊዚክስ ሊቃውንት፣ ጋየርና ዋይፈንባክ፣ የሳተላይቷን የሬዲዮ ድምፅ አዳምጠው የምትዞርበትን መሥመር አሰሉ። ቀጥሎ ጥያቄው ተገለበጠ፤ ከምድር ሆኖ የሳተላይትን ቦታ ማወቅ ከተቻለ፣ በሳተላይት የምድሩን ሰው ቦታ ማወቅስ? የመጀመሪያዋ የጂፒኤስ ሳተላይት በ1978 መጠቀች። በ1983 መሥመሩን የሳተ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ ጄት ተመትቶ 269 ሰዎች ሲያልቁ፣ የሬገን መንግሥት ይህ የጦር ሠራዊት ሥርዓት ለሲቪሎችም እንደሚሰጥ አስታወቀ። እስከ ግንቦት 2000 ድረስ ግን ለሲቪሉ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ የደበዘዘ ነበር። ክሊንተን ይህን ካስቀሩ በኋላ ነው ትንሿ መሣሪያ በየመኪናው የነገሠችው።

ተአምር ነው ብል አላጋነንኩም። 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያሉ ሰዓቶች የሾፌሩን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይነግሩታል። ይሁን እንጂ የት እንዳለ የሚያውቅ ሁሉ ምን እንደያዘ አያውቅም። በሰሜን ካሮላይና፣ በደርሃም ከተማ፣ 3.56 ሜትር ከፍታ የነበረው የባቡር ድልድይ የስንቱን የጭነት መኪናና የሞተርሆም ጣሪያ ልጧል! በ2019 ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎም መላጡን አልተወም። ለትንሽ መኪና የተሠራ ጂፒኤስ የተሽከርካሪህን ቁመት አይጠይቅህም። በካሊፎርኒያው የሞት ሸለቆም የፓርኩ አስተዳደር ጎብኚዎች በጂፒኤስ ብቻ እንዳይተማመኑ ያስጠነቅቃል፤ እዚያ በረሃ ውስጥ የተሳሳተ መታጠፊያ ዋጋው ነፍስ ሊሆን ይችላልና።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። የብር መቁጠሪያው ማሽን ስንት እንደሆነ ይነግረኛል፤ ብሩ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይሁን የለቅሶ መዋጮ ግን አያውቅም። ያን የማውቀው ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ሰው ቀና ብዬ ሳይ ነው። ጂፒኤስም እንዲሁ ይመስለኛል። እንደዚያች ሴት ተንኮል የለበትም፤ ነገር ግን ስለ መንገደኛው አይጨነቅም። ያቺ ሴት ጃክሰንን ብታሳስተውም መኪናውን በዓይኗ አይታው ነበር። ድልድዩ ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትሰደው ነበር ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ኮከቡ ነገረኝ ያለሁበትን አገር፤
ባላገሩ ያውቃል የድልድዩን ነገር።