የሐኪም እጅ በምን ይለማመዳል?

ለብዙ ዘመን የሕክምና ተማሪ እጁን የሚያለማምደው በሕመምተኛው ገላ ላይ ስለ ነበር፥ የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍለው ሕመምተኛው ነበር። ይህን ዕዳ ለማቃለል የተደከመበት ታሪክ ረዥም ነው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1759 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ ፲፭ኛ፥ አዋላጂቱ ማዳም ዱ ኩድሬ በየአውራጃው እየዞረች እንድታስተምር ፈቀደላት፤ እርስዋም ከጨርቅና ከቆዳ በተሠራ የእናትና የሕፃን አምሳል ብዙ አዋላጆችን አሠለጠነች። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የኖርዌዩ አሻንጉሊት ሠሪ አስሙንድ ላርዳል፥ ትንፋሹ የቆመን ሰው መርዳት የሚጠናበትን አምሳል አወጣ።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1958 ዓ.ም. በግላስጎው ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ፥ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሆድን ውስጥ መመርመር እንደሚቻል ጽፈው አሳወቁ። ዛሬ ይኸው አልትራሳውንድ በድንገተኛ ክፍል በሆድ ውስጥ የፈሰሰን ደም ያሳያል። ነገር ግን ምስሉን ፈልጎ የሚያገኘው የሠለጠነ እጅ፥ የሚያስተውለውም የሠለጠነ ዓይን ነው። ስለዚህ ሁለቱ ታሪኮች ተገናኙ፤ ተማሪው መሣሪያውን በአምሳሉ ላይ ሲያንቀሳቅስ ኮምፒዩተር የሕመሙን ምስል ያሳየዋል፤ ቢሳሳት ይደግመዋል፥ የሚጎዳም የለም።

አምሳል ሕመምተኛን፥ መሣሪያም መምህርን እንደማይተካ እናውቃለን። ሆኖም ሞት በደጅ በቆመ ጊዜ ልምምድ አይጀመርምና፥ የመጀመሪያው ስሕተት ሕመም በማይሰማው ገላ ላይ ይፈጸም እንላለን።