መንዳትንና ይዞታን አብረው የሚሸልሙ የክላሲክ መኪና ክለቦች

የክላሲክ መኪና ክለቦች ከሚሰጧቸው ሽልማቶች ጥቂቶቹ በቀለም ጥራት ብቻ ወይም በፍጥነት ብቻ አይገኙም። መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ተጠብቆ መቆየቱንም፣ በዚያው ይዞታው መንገድ ላይ መዋል መቻሉንም ይጠይቃሉ። በዚህ ረገድ በአሜሪካ ስማቸው የሚነሣው የፔብል ቢች የቁንጅና ውድድር፣ የኮርቬት አዳሾች ማኅበር እና የፖርሽ ክለብ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእነዚህ ሽልማቶች መነሻ የዳኝነቱ ስሌት ነው። በተለመደው ዳኝነት መኪናው ሙሉ ነጥብ ይዞ ይጀምራል፤ ጭረት፣ ዝገት ወይም የዘመኑ ያልሆነ ብሎን በተገኘ ቁጥር ይቀነስበታል። በዚህ አሠራር የሚነዳ መኪና ሁልጊዜ ተጎጂ ነው። ጠጠር ቀለሙን ይመታዋል፣ የጭስ ማውጫው ይጠቁራል፣ ከኮፈኑ ሥር ዘይት ያልባል። ዋንጫ የሚፈልግ ባለቤት መኪናውን በተጎታች ጭኖ ያመጣል፣ በተጎታች ጭኖ ይመልሳል። የቆመ መኪና ግን በውስጡ ይበላሻል፦ ቤንዚን በካርቡሬተሩ ውስጥ ደርቆ ዝቃጭ ይሆናል፣ የጎማ ቱቦዎች ይሰነጣጠቃሉ፣ የፍሬን ሲሊንደር ዝጎ ይነክሳል። መኪናን ለትውልድ ለማቆየት የተቋቋመ ክለብ መኪናውን የሚያደክም ሽልማት ሲሰጥ ዓላማውን ይስታል።

መንዳትና ቁንጅና ከመጀመሪያው የተለያዩ አልነበሩም። በካሊፎርኒያ የሚካሄደው የፔብል ቢች ውድድር በ1950 የተጀመረው በዴል ሞንቴ ደን ውስጥ ለሚደረግ የመኪና እሽቅድምድም አጃቢ ሆኖ ነው። የዚያን ዓመቱን እሽቅድምድም በጃጓር ኤክስኬ 120 ያሸነፈው ፊል ሂል፣ በ1955 ደግሞ በ1931 በተሠራ ፒርስ አሮው የቁንጅናውን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። እስከዚያ ድረስ ይሸለሙ የነበሩት አዳዲስ መኪኖች ነበሩ፤ የእሱ ድል ለአሮጌዎቹ በር ከፈተ። ሂል በ1961 በፌራሪ የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በፔብል ቢች የእሽቅድምድሙንም የቁንጅናውንም ዘውድ የደፋ ሰው ስለሆነ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከማንም በላይ በእሱ ይታያል።

በ1956 ኧርኒ ማካፊ የተባለ ተወዳዳሪ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ደኑ ለፈጣን መኪኖች ጠባብ ሆኖ ስለተገኘ እሽቅድምድሙ በቀጣዩ ዓመት ወደ ላጉና ሴካ ሜዳ ተዛወረ፤ ቁንጅናው በሣሩ ላይ ብቻውን ቀረ። አዘጋጆቹ መንዳትን በይፋ የመለሱት በ1998 ነው። ከእሑዱ ውድድር በፊት ባለው ሐሙስ መኪኖቹ በሞንቴሬይ ልሳነ ምድር መንገዶች ላይ የሚጓዙበትን ጉዞ ጀመሩ። መሳተፍ በፈቃድ ነው። ሆኖም በአንድ ምድብ ሁለት መኪኖች እኩል ነጥብ ካመጡ፣ ጉዞውን የጨረሰው ይመረጣል። ደንቧ ትንሽ ብትሆንም በሚሊዮን ዶላር የሚገመቱ መኪኖችን አስፋልት ላይ ለማውጣት በቅታለች፤ እዚያ ደረጃ ላይ አሸናፊውን ከተሸናፊው የሚለየው ከአንድ ነጥብ ያነሰ ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉም ጥብቁ፣ በእኔ ግምት፣ በ1974 የተመሠረተው የኮርቬት አዳሾች ማኅበር የሚሰጠው የደንቶቭ ሽልማት ነው። ስሙን ያገኘው ከዞራ አርከስ ደንቶቭ ነው። ደንቶቭ ኮርቬትን ከለስላሳ መዝናኛ መኪና ወደ እውነተኛ ስፖርት መኪና ያሸጋገረ የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ሲሆን፣ በ1954 እና በ1955 በፈረንሳዩ የለ ማን እሽቅድምድም በፖርሽ በምድቡ ያሸነፈ ነጂም ነበር። ሽልማቱን የሚፈልግ መኪና ከፋብሪካው ይዞታ ጋር ተነጻጽሮ ቢያንስ 97 ከመቶ ማምጣት አለበት። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የአሠራር ማረጋገጫ የተባለ ፈተና ይጠብቀዋል።

በዚህ ፈተና ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ይነሣል። ክላክሱ፣ ፍሬቻው፣ ዋይፐሩ፣ ማሞቂያው፣ ራዲዮው፣ የእጅ ፍሬኑ አንድ በአንድ ይሞከራሉ። በ1963 ሞዴል ላይ ግንባሩ ውስጥ የሚሸሸጉት የፊት መብራቶች በየራሳቸው ሞተር ተገልብጠው መውጣት አለባቸው። ከዚያ መኪናው ይነዳል፤ ፍሪሲዮኑ፣ ማርሹና ፍሬኑ በጉዞ ላይ ይታያሉ። ብዙ ባለቤቶችን የሚያስጨንቀው ግን የዳሽቦርዱ ሰዓት ነው። ሰዓቱን በየጊዜው የሚሞላው የኤሌክትሪክ መገናኛ በቀላሉ ስለሚቃጠል፣ ብዙ ኮርቬቶች ገና በወጣትነታቸው ሰዓታቸው ቆሟል። እንከን የሌለው ቀለም የቆመ ሰዓትን አያካክስም።

የአሜሪካ ፖርሽ ክለብ ሌላ መንገድ ይከተላል። ከ1956 ጀምሮ በሚያዘጋጀው ዓመታዊ ጉባኤ የቁንጅና ዳኝነት፣ በሾጣጣ ምልክቶች መካከል የሚደረግ የሰዓት ሙከራ፣ የተወሰነ ፍጥነት ጠብቆ የሚነዳበት ራሊ እና የቴክኒክ ዕውቀት ፈተና ጎን ለጎን ይካሄዳሉ።

በ1935 ፊላደልፊያ ላይ የተመሠረተው የአሜሪካ ጥንታዊ መኪኖች ክለብ ደግሞ ዋናውን ዳኝነት በ400 ነጥብ ሲያካሂድ፣ ለሚነዱ መኪኖች የተለየ ምድብ ከፍቷል። በዚያ ምድብ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላው፣ በመደበኛነት የሚነዳ መኪና በዘመኑ የተለመደ ማሻሻያ ቢደረግለትም ይቀበሉታል፤ ነጥብም በየጭረቱ አይቆጠርበትም።