ርስት በኦሪትና በጎጃም

ኦሪት ዘኍልቍንና መጽሐፈ ኢያሱን በአማርኛ የሚያነብ የጎጃም ሰው ትርጓሜ የሚያሻው አይመስለውም። ዕብራውያን «ናሐላ» የሚሉትን ቃል ተርጓሚዎች «ርስት» ብለው መልሰውታልና፣ ከነዓን ለነገደ እስራኤል በዕጣ ሲከፈል የራሱን አገር ሕግ የሚሰማ ይመስለዋል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ይህ የቃል አንድነት የአሳብም አንድነት መሆኑን ነው።

በኦሪት የርስት መሠረት ግልጽ ነው። ምድሪቱ የእግዚአብሔር ናት፤ እስራኤልም በእርስዋ ላይ እንግዶች ናቸው (ዘሌ. 25፥23)። ስለዚህ ለዘለዓለም አትሸጥም፤ በችግር የተሸጠውም በ50ኛው ዓመት ወደ ወገኑ ይመለሳል። ናቡቴ ወይኑን ለንጉሥ አክዓብ የከለከለው ዋጋ አንሶት አይደለም። የተሻለ ወይን ወይም ገንዘብ ቀርቦለት ነበር፤ ነገር ግን የአባቶችን ርስት መልቀቅ በእግዚአብሔር ፊት ነውር ሆነበት።

በጎጃም ርስትን ይጠብቅ የነበረው የኢዮቤልዩ ዓመት ሳይሆን የሰው ትዝታ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. በቆየው ሥርዐት፣ ርስት ጠያቂ ከራሱ ጀምሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን መቍጠር ነበረበት። ቈጥሮ ካስረዳ፣ ቅድመ አያቱ አገር ከለቀቁ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ጥያቄው አይሞትም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» መባሉ ለዚህ ነው፤ ኦሪት 50 ባለበት የእኛ ሰው 1000 ማለቱ ነው!

የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ሙሴን የለመኑት ወንድ ልጅ ያልነበረው የአባታቸው ስም እንዳይጠፋ ነበር። ተፈቀደላቸው፤ ነገር ግን ርስቱ ወደ ሌላ ነገድ እንዳይሻገር ከነገዳቸው ውጭ እንዳያገቡ ታዘዙ (ዘኍ. 36)። በጎጃም ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ትወርስ ስለ ነበር፣ የአንድ ሰው መብት በእናትም በአባትም በኩል በብዙ አጥቢያ ይበተናል። የነገድ አጥር በዚህ የለም። የሚጠበቀው ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ የአባት ስም።

ሌዋውያን ርስት አልተሰጣቸውም፤ ርስታቸው እግዚአብሔር ነው ተባለ (ዘኍ. 18፥20)። የጎጃም ቄስ ግን ራሱ ርስተኛ ነበር፤ አርሶ ይበላ፣ ታቦት ያገለግል ነበር። ሆኖም ከስብከት በኋላ «መንግሥተ ሰማያትን ያዋርስልን» ሲባል ግሡ ያው የርስት ግሥ ነው። ለገበሬው ገነት የማይነቀል ርስት ናት።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የተነሣው ዐመፅ በዚህ መንፈስ ሲታይ የገንዘብ ጠብ ብቻ አይደለም። ገበሬው የገማቾችን መምጣት የመሬት ልኬት መጀመሪያ፣ ልኬቱንም የርስት መጥፊያ አድርጎ አየው። ጦርና አውሮፕላን ተልኮም ግብሩን ማስከፈል አልተቻለም።

ይሁን እንጂ ርስተኛውን ሁሉ ናቡቴ ማድረግ አይገባም እንላለን። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዳሞት ያጠናው አሜሪካዊው ሊቅ አለን ሆበን እንዳሳየው፣ የአንድ ሰው ይዞታ ከትውልዱ ቍጥር ይልቅ በተሰሚነቱና በሙግት ችሎታው ይሰፋ ነበር። አክዓብ አንዳንዴ የአጎት ልጅ ነው። ከዚህም የሚከፋው ከቍጥሩ ጨርሶ የወጣው ወገን ነው። ብዙው ሙስሊም ሸማኔና ነጋዴ፣ ቀጥቃጩም፣ በተወለደበት ቀበሌ ርስት አልነበረውም፤ አቅኚ አባት የለውማ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን በአዲሱ ክፍፍል መጻተኛው በተቀመጠበት ነገድ መካከል ርስት እንዲሰጠው አዝዞ ነበር (47፥22-23)። ይህን ቃል በጎጃም የፈጸመው ካህንም ንጉሥም አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የደርግ ዐዋጅ ለሸማኔውም የሚያርሰው መሬት ፈቀደለት፤ በዚያው ቀን የርስተኛውን የአባቶች ቍጥር ከሕግ ሰረዘ።