ወረንጦ፣ ምላጭና መነጽር፦ የዓይን ሕክምና ታሪክ በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ግርጌ



ዛሬ የማቀርበው የዓይን ሕክምናን ታሪክ ነው። ቦታው ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው አገር ነው፤ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ከዚያም በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው ቁልቁለት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሕክምና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሆስፒታሎችና የሐኪሞች ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። ይህን አገር በዚያ መንገድ ብንጽፈው ግን ብዙው ገጽ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ እኔ ሦስት መሣሪያዎችን እከተላለሁ፤ ወረንጦውን፣ ምላጩንና መነጽሩን።

አስቀድሞ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ትራኮማ፣ በአገርኛው የዓይን ማዝ፣ በአንድ ጊዜ የሚያሳውር በሽታ አይደለም። ሕፃናት በተደጋጋሚ ይያዙበታል። ከቆቡ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እየቆሰለ ይጠብሳል፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ወደ ውስጥ የዞረው ሽፋሽፍት የዓይኑን ፊት እየፋቀ ያደፈርሰዋል። ጀርሙ በእጅ፣ በፊት መጥረጊያ ጨርቅ፣ እንዲሁም ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር በምትራባ ዝንብ ይተላለፋል። ሕፃናትን አቅፈው የሚያሳድጉት ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጎዱበታል። እናት በልጅነቷ የያዛትን በሽታ ዕዳ በጎልማሳነቷ ትከፍላለች ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና በቤት ውስጥ የሚሰጠው ነበር፤ አሁንም አለ። ለእሾህ መንቀያ የተሠራው ወረንጦ የሚወጋውን ሽፋሽፍት ይነቅላል። ይህን ሥራ መዝገብ አይዘግበውም፤ ሠሪዎቹም ሐኪም አይባሉም። የዘመናዊ ሕክምና ሰዎች ለረጅም ጊዜ በንቀት አይተውታል። ነገር ግን በዚሁ በአማራ ክልል 1,300 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱም በ2011 የታተመ ጥናት ጉዳዩን በሥርዓት መርምሮታል። ጥቂት ሽፋሽፍት ብቻ የዞረባቸው ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ከፊሎቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ለሌሎቹ ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቶ ነቃዩ ሰው ሠለጠነ። ሽፋሽፍቱ እንዳይመለስ በማድረግ ቀዶ ሕክምናው በለጠ። በእይታ ረገድ ግን በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። ቀዶ ሕክምና በማይደርስበት ወይም ሕመምተኛዋ በማትቀበለው ጊዜ፣ የአያቶች መሣሪያ ዋጋ እንዳለው በዚህ ታወቀ። በአንድ ነገር ላይ ትኩረት እንድታደርጉ እሻለሁ፤ ወረንጦ ቅርቡን አጥርቶ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት እኩያ ጎረቤት ሳትሆን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ትነቅላለች። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ወደ ምላጩ ልለፍ። በ1953 ደንቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኮሌጁ አሳብ ቀላልና ደፋር ነበር፤ ሐኪም እስኪበዛ ሳይጠብቁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ። በእኔ ግምት በእነዚህ ተራሮች ግርጌ ያለው የዓይን ሕክምና ከየትኛውም የዓይን ስፔሻሊስት ይልቅ የዚህ አሳብ ባለዕዳ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት የሊማሊሞ መንገድ መኪና ቢያሳልፍም፣ ከመንገዱ ርቆ በገደል ማዶ ያለው ቀበሌ ወደ ጎንደር መምጣት የሚችለው በእግር፣ በበቅሎና በቃሬዛ ነበር። ዓይኗን የታመመች ሴት ይህን ያህል የምትጓዘው ከታወረች በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቆብ ማቃናት የጠፋውን ብርሃን አይመልስም። መፍትሔው ምላጩን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ሆነ። ነርሶች ለጥቂት ሳምንታት እየሠለጠኑ፣ ቆቡን በማደንዘዣ ሰንጥቆ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሮ መስፋትን ተማሩ። ሽፋሽፍቱ ተመልሶ የሚዞርባቸው ሕሙማን ቁጥር ቀላል አልነበረም፤ ይህም የሙያው ትልቅ ክርክር ሆኖ ቆይቷል።

የችግሩን ስፋት ያሳየው ከ2005 እስከ 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ነው። በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ የአገሪቱ አማካይ 40.1 በመቶ ነበር። ከኅዳር ወር 2008 ጀምሮ ክልሉ ወባንና ትራኮማን ባጣመረ የዘመቻ ሳምንት አዚትሮማይሲን ማደል ጀመረ፤ ለጨቅላ ሕፃናት የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጥ ነበር። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በብርዳማዋ ደባርቅ፣ ከዘመቻው ጥምር ስም ክብደት የነበረው ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር ተናግሮ ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰሚ ያገኘ አይመስለኝም። ለዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ድርሻ የያዘው የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶውን የያዘው ትራኮማ ነው። ከእይታ መድከም ግን አንድ ሦስተኛው፣ 33.4 በመቶው፣ በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ጉድለት ነበር። ይህም የሩቅ እይታን ብቻ የሚመለከት ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ በሰው ሁሉ ላይ የሚመጣው የቅርብ እይታ መድከም በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ጎንደር አራቱን ጉባኤያት የዘለቀውን ሊቅ «አራት ዓይና» ብላ የምታከብር አገር ናት። በዚህ አገር የአንድ ካህን ዓይን ከፊደል ሲርቅ ጉዳቱ በቀላሉ አይታወቅም፤ ዳዊቱን በቃሉ ስለሚያውቀው መድገሙን ይቀጥላል። የሚቀርበት ያልሸመደደው መጽሐፍ ነው። ሸማኔው የተበጠሰውን ድር ማግኘት ያቅተዋል፤ ምስር የምትለቅም ሴት ጠጠሩን ትስታለች፤ የሽፋሽፍት ነቃይዋም ወረንጦዋን ለልጇ ታስረክባለች። ይህን ሁሉ «እርጅና ነው» እንለዋለን። ስም ስላገኘም ሕመም መሆኑ ይቀራል፤ ታካሚ የሌለው ሕመም ደግሞ በዘመቻ ዕቅድ ውስጥ አይገባም።

መነጽር የዘገየው ውድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ክኒን በአንድ ቀን ይታደላል፤ ቀዶ ሕክምና በአንድ አልጋ ይሠራል። መነጽር ግን ለካዒ፣ ሌንስ ቆራጭ፣ ፍሬም አቅራቢና ሲሰበር የሚጠግን ሰው ይጠይቃል፤ ይኸውም ሕክምናም ንግድም ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኦፕቶሜትሪ የዲግሪ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ መከፈቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከኮሌጁ መመሥረት ቀጥሎ የምጠቅሰው ክስተት ነው፤ ሙያው የመጣው ግን ከምላጩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንድ የሥራ አሳብ ልተው። ዩኒቨርሲቲው ከ1996 ጀምሮ በዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ያካሂዳል፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባሉ። እነዚህን ቤቶች በቃል ታሪክ የሚጎበኝ ሰው ሦስት ጥያቄዎች ይዞ ይሂድ፦ በዚህ ቤት ወረንጦውን ማን ይይዝ ነበር? ቀዶ ሕክምናውን ማን እምቢ አለ፣ ለምን? መጽሐፍ ወይም መርፌ ያስቀመጠውስ በስንት ዓመቱ ነው?