የአሞሌው መንገድና የእናቶቻችን እንቅርት

ዛሬ የምናነሣው የጨው ታሪክ ነው። በዚያው ስለ ልጅ ማጣት ልናወራ ነው፤ ታገሡን፣ ይገናኛል።

ከአፋር በረሃ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ለዘመናት የአገራችን ገንዘብ ነበር። ሰቆጣ የታወቀች የአሞሌ ገበያ ነበረች፤ ከትግራይ በኩል ወደ እሷ ለሚዘልቅ ደግሞ አበርገሌያችን መንገድ ላይ ናት። በዚህ ንግድ ሙስሊም ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ይህን ስናወሳ ኩራት ይሰማናል። ግን ያ ጨው አንድ ነገር ይጎድለው ነበር፤ አዮዲን።

አዮዲን ቫይታሚን ሳይሆን ማዕድን ነው። በቀን የሚያስፈልገን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ብቻ ነው። በተራራ አገር ዝናቡ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል፤ እህሉም ወተቱም ያጣዋል። ያኔ አንገት ላይ ያለው እጢ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህን ነው። እጢው ሲደክም የሴቲቱ የወር አበባ ይዛባል፣ እንቁላል በጊዜው አይለቀቅም። ብታረግዝም ጽንሱ ሊጨነግፍባት ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባል የለ? እኛ ዘንድ በእንቅርት ላይ የተጨመረው «መካን» እና «ሾተላይ ያለባት» የሚለው ስም ነው። ስንቷ እህታችን በዚህ ስም ተፈታች! በተቀመጥንበት ሽምግልና ሁሉ ስለ ጨው የጠየቀ ሽማግሌ አላየንም። እኛም አልጠየቅንም።

ቸርነት አቡዬና የማነ ብርሃኔ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ የአገራችንን ሴቶች ያየ ነው። 35.8 በመቶዎቹ እንቅርት ነበረባቸው። በእነዚህ ዘንድ የጽንስ መጨንገፍና የሞተ ልጅ መውለድ ከሌሎቹ በዝቶ ተገኘ። አብዛኞቹም የበሽታውን ምክንያት አያውቁም ነበር።

ጊዜውን ልብ በሉ። ቀድሞ ከአሰብ የሚመጣው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ ጨው ቀረ። በአፍዴራ ጨው ተተካ፤ አዮዲኑ ግን አልተተካም። አዮዲን የሌለው ጨው ለምግብ እንዳይሸጥ በደንብ ቁጥር 204 የተከለከለው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ያህል ቤት ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 89 በመቶ ደረሰ፣ አልሐምዱሊላህ። በመሐል ግን 13 ዓመት አለፈ። የዚያ ዘመን ሙሽሮች ዛሬ እናቶች ናቸው። አንዳንዶቹ አይደሉም።

ልጅ የዘገየበት ወንድማችን ፍቺ ከማሰቡ በፊት ከባለቤቱ ጋር አብሮ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሁሉም በጨው አይመጣም፣ ችግሩ ከባልም ሊሆን ይችላል። እህቶቻችን ደግሞ ለፍየል የተገዛውን አሞሌ ሰባብራችሁ ወጥ ውስጥ አትጨምሩ። የታሸገውን ጨው ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት፣ አዮዲኑ በእሳት ብዛት ይበናል።