በመንገደኛውና በአዞው መካከል የቆመው ሰው

ዛሬ በሐሳብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ ወደ ኒጀር ወንዝ ዳርቻ እንጓዛለን። መንገድ መሪያችን ኢብን በጡጣ (ረሒመሁላህ) ናቸው።

ኢብን በጡጣ የሞሮኮዋ የጣንጃ ተወላጅ፣ በሙያቸውም ቃዲ ነበሩ። መካን፣ ሕንድንና ሌሎችንም ብዙ አገሮች ካዩ በኋላ የመጨረሻውን ታላቅ ጉዟቸውን የጀመሩት በሙሐረም ወር 753 ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1352 ነው። ከነጋዴዎች ጋር ከሲጂልማሳ ተነሥተው ከ25 ቀን የበረሃ ጉዞ በኋላ ተጋዛ ደረሱ። በዚያች መንደር ቤቱም መስጂዱም የተሠራው ከጨው ድንጋይ ነበር፤ ጣሪያው ደግሞ የግመል ቆዳ ነበር። ከዚያ የሚወጣው ጨው በግመል ተጭኖ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። በወላታ አንዱ ጭነት ከ8 እስከ 10 ሚስቃል ወርቅ ሲያወጣ፣ በማሊ መናገሻ ከ20 እስከ 30፣ አንዳንዴም 40 ሚስቃል ይደርስ ነበር። ሰዉም ጨውን እየቆራረጠ እንደ ገንዘብ ይገበያይበት ነበር። አሞሌ ጨው የአገራችን መገበያያ እንደነበር ከአያቶቻችን የሰማን ሁሉ ይህ አይገርመንም።

በረሃውን ካለፉ በኋላ ከታላቁ ወንዝ ጋር ተገናኙ። ኢብን በጡጣ ወንዙን «ኒል» ይሉታል። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት የኛ ዓባይ የሚገባበት የግብፁ ኒልና ይህ ወንዝ አንድ ናቸው ብለው ያስቡ ነበርና። ሁለቱ ግን የትም አይገናኙም። ኒጀር ወደ 4,180 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ምንጩ በጊኒ ተራሮች፣ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሆኖም ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰሐራ ይገሰግሳል፤ በቲምቡክቱ አጠገብ ይታጠፍና በመጨረሻ በናይጄሪያ በኩል ባሕር ይገባል።

ወንዙ ማሊ ውስጥ ሜዳው ላይ ተንጣልሎ በየዓመቱ ሰፊ አገር ያጥለቀልቃል። ቦዞዎች ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ሶሞኖዎች ጀልባ ይቀዝፋሉ፣ ገበሬው ሩዝ ይዘራል። ውኃው ሲጎድል ደግሞ ፉላኒዎች ከብቶቻቸውን ወደ ለምለሙ ሣር ያስገባሉ። አንዱ መሬት በየወቅቱ ለሁሉም ይደርሳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 በማሲና ኢስላማዊ መንግሥት የመሠረቱት ሴኩ አሕመዱ ከዋና ሥራዎቻቸው አንዱ የከብቱን መንገድና የግጦሹን ተራ መደንገግ ነበር። መንግሥታቸውም «ዲና» ይባል ነበር። አስተውሉ! የሣርና የውኃ ተራ የዲን ጉዳይ ነበር፤ በጎረቤት ሐቅ መጫወት የለምና።

አሁን ወደ ኢብን በጡጣ እንመለስ። ወደ ማሊ መናገሻ ሲያመሩ ካርሰኹ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ አረፉ። አንድ ቀን ለመጸዳዳት ወደ ወንዙ ዳር ወረድ አሉ። ወዲያው አንድ የአገሩ ሰው መጣና በእርሳቸውና በወንዙ መካከል ቆመ። ሰውዬው ፈቀቅ አይልም! ቃዲው ተቆጡ። «ምን ዓይነት ነውረኛ ሰው ነው?» ብለው አሰቡ። በኋላ ነገሩን ለአንድ ሰው ቢያጫውቱ የሰሙት መልስ ሌላ ነበር፤ ሰውዬው ከወንዙ አዞ ይወጣብዎታል ብሎ ስለሰጋ ነው የራሱን አካል ጋሻ ያደረገልዎት አላቸው።

አድማጮቼ፣ ያ ሰው ስሙ አልተጻፈም። ምስጋና አልጠየቀም፤ እንዲያውም በልብ ተወቀሰ። ኢብን በጡጣም ኋላ ጉዟቸውን ሲያስጽፉ ይህን አልደበቁም፤ ቃዲ ሆነው የፈረዱትን የተሳሳተ ፍርድ ራሳቸው ነገሩን። ክፉ ጥርጣሬን እንድንርቅ ቁርኣን ያዘናል። ስንቶቻችን ነን ሊጠብቀን የቆመውን ሰው መንገድ ዘጋብን ብለን የተቀየምነው?

በመናገሻዋም ከሱልጣን ሱለይማን የእንግዳ ስጦታ መጣ ሲባሉ ልብስና ገንዘብ ጠበቁ። የመጣው ሦስት ዳቦ፣ የተጠበሰ የበሬ ሥጋና አንድ ቅል እርጎ ሆነና ሳቁ! በአገሩ ያልወደዱትን ልማድ ሁሉ ጽፈዋል። መልካሙንም ግን አልካዱም። በአገሩ በደል ጥቂት መሆኑን፣ መንገደኛ ሌባና ቀማኛ እንደማይፈራ፣ በአገሩ የሞተ የዐረብ እንግዳ ንብረት ባለመብቱ እስኪመጣ በታማኝ ሰው እጅ እንደሚቀመጥ መስክረዋል። የጁምዓ ዕለት ማልዶ ያልሄደ ቦታ ስለማያገኝ፣ ሰዉ መስገጃውን በአገልጋዩ አስቀድሞ ይልክ ነበር።

ሲመለሱም ከቲምቡክቱ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለች ታንኳ ወደ ጋዎ ወረዱ። በየምሽቱ ከአንዱ መንደር ዳር እየቆሙ፣ በጨው፣ በቅመምና በጨሌ ምግብና ቅቤ ይገዙ ነበር። እንግዳው በየመንደሩ በሰላም ያድራል፤ ሲነጋ ይቀዝፋል።

በዚያ ወንዝ ላይ ከጨውና ከወርቅ ሌላ ኪታብም ተጉዟል። ቲምቡክቱ የዑለማ ከተማ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1591 ከሞሮኮ የመጣ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ፣ ታላቁ ዓሊም አሕመድ ባባ ተማርከው ወደ መራኪሽ ተወሰዱ። የተዘረፈባቸው ኪታብ 1,600 ጥራዝ እንደነበር፣ ከዘመዶቻቸውም የእርሳቸው ስብስብ አነስተኛው እንደነበር መናገራቸው ተዘግቧል።

የቀሩትን ኪታቦች ለዘመናት የጠበቋቸው ቤተሰቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ባለቤቶቹ ኪታቦቹን በቆርቆሮ ሳጥን እያሸጉ በየቤቱ ደበቁ። ከዚያም በመኪና፣ በኋላም በጀልባ በዚያው ወንዝ ላይ አሸሿቸው። ታጣቂዎቹ በጃንዋሪ 2013 ሲሸሹ በአሕመድ ባባ ተቋም የቀሩትን ብዙ ኪታቦች አቃጠሉ፤ አብዛኛው ግን ቀድሞ ወጥቷል። የተቋሙ ኪታቦች በኦገስት 2025 ወደ ቲምቡክቱ መመለስ ጀምረዋል። ወንዙ ግን የቀድሞ ሰላሙን አላገኘም። በሴፕቴምበር 2023 የከተማዋን ስም የያዘች የመንገደኞች ጀልባ ተጠቅታ ከ40 በላይ ሲቪሎች ሞተዋል። አላህ ይዘንላቸው።

እነዚያ ጀልባ ቀዛፊዎችና ሳጥን ተሸካሚዎች፣ በካርሰኹ እንደቆመው ሰው፣ በአማናውና በአደጋው መካከል የቆሙ ናቸው። የአብዛኞቹን ስም አናውቅም፤ አላህ ያውቃቸዋል።

እኔ ግን ይህን ስተርክ የራሴ ቤት ትዝ ይለኛል። አያቴ በእጃቸው የገለበጧቸው ኪታቦች በአንድ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። እሳት የለኮሰባቸው የለም። እኛ ልጆቻቸው ግን ዓመታት ሙሉ ሳጥኑን ከፍተን አላየንም። ከፈትነው፤ ምስጥና የጣሪያ ፍሳሽ ቀድሞናል። ከመካከላቸው ደህና ሆኖ የወጣው አንድ ብቻ ነበር።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። ዛሬ ማታ በቤታችሁ ያለውን አሮጌ ሳጥን ክፈቱ። በዐረብኛም ይሁን በዐጀም የተጻፈ ነገር ካገኛችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት፤ ለሚያነብ ዓሊም አሳዩት፤ ማን እንደጻፈው ለልጆቻችሁ ንገሩ። አላህ አማና ጠባቂዎች ያድርገን።